ቢሉን ልጆቹ ያንብቡት

በኛ ቤት የገንዘብ ወረቀት የሚነበበው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ጠረጴዛው ይጸዳል፣ ወረቀቶቹ ይወጣሉ፣ ስልኮቹ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። የሚያነቡት ልጆቹ ናቸው። እኔና ባለቤቴ እንሰማለን፣ ሲጠይቁን እንመልሳለን። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 9። የማውቃቸው ወላጆች "ለልጅ ይሄን እንዴት ታስረጃለሽ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ እኛ ያደረግነውን ልጻፍላችሁ።

ልጆቻችን ከገንዘብ ወረቀት የራቁ ይመስለናል እንጂ አይደሉም። ሱቅ የሚላኩት እነሱ ናቸው። አያታቸው ስልክ ላይ መልእክት ሲገባ "እስቲ ምን ይላል፣ አንብቢልኝ" የሚባሉት እነሱ ናቸው። የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ በቦርሳቸው ይዘው የሚመጡትም እነሱ ናቸው። በእጃቸው የሚያልፈውን ነገር ምን እንደሚል ማወቅ አለባቸው። መቶኛን ክፍል ውስጥ ተምረዋል፣ ፈተናም ላይ ይሠሩታል። ግን የመጽሐፉ ምሳሌ ውስጥ ያለውን ነጋዴ አያውቁትም፤ ቢከስር ቢያተርፍ ግድ አይሰጣቸውም። የአያታቸው የእማማ የእድር ደብተር ግን የእማማ ነው። የራሳችንን ቤት እውነተኛ ወረቀት የሚያህል መማሪያ የለም የምለው ለዚህ ነው።

ማንኛውም ወረቀት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚመልሱት ጥያቄ አላቸው። ማን ነው የሰጠን? የየትኛው ጊዜ ነው? ደግሞ ዋናው፦ ይሄ ወረቀት "ክፈሉ" እያለን ነው ወይስ "ከፍላችኋል" እያለን? ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። ግን ቢልና ደረሰኝ ለልጅ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ስም አለ፣ ቁጥር አለ፣ ማኅተም አለ። አንዱ ሊጣል ይችላል፣ አንዱ በፍጹም አይጣልም። ትንሹ አሁን ወረቀቶቹን ለሁለት ከፍሎ የሚያስቀምጠው እሱ ነው።

የጀመርነው በስልክ መልእክት ነው። እናንተም ከዚያ ብትጀምሩ ይሻላል፤ ወረቀት የማይገባበት ቤት ቢኖር እንኳ የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት የማይገባበት ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። ቴሌብር የመጣው በ2013 ነው። ይኼው አሁን ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠውም ሴትዮ ትቀበልበታለች።

አንድ ቀን 500 ብር ልከን 502 ተቀነሰ። ትንሹ "ሁለት ብሩ የት ሄደ?" አለ። መልእክቱን ሰጠሁት። የአገልግሎት ክፍያ 1.74 ይላል። ቀጥሎ በአገልግሎት ክፍያው ላይ 15 በመቶ ቫት 0.26 ይላል። ደመሩት፣ ሁለት ብር መጣ። ትልቋ ደግሞ 1.74ን በ0.15 አባዝታ 0.261 አገኘች። ቫቱ የሚታሰበው በ500ው ላይ ሳይሆን በ1.74ቷ ላይ ብቻ መሆኑን በዚያው አዩት። ሁለት ብር ትንሽ ናት። ግን ከመልእክቱ ውስጥ የእያንዳንዷን ሳንቲም መንገድ ማግኘት እንደሚቻል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየቻቸው እሷ ናት።

ከዚያ የሳምንቱን መልእክቶች በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አደረግን። ከፊተኛው ቀሪ ሂሳብ ላይ የወጣውንና ክፍያውን ሲቀንሱ፣ የገባውን ሲደምሩ፣ የሚቀጥለው መልእክት ላይ ያለው ቀሪ ሂሳብ መምጣት አለበት። ካልመጣ መሀል ላይ የጠፋ መልእክት አለ ማለት ነው። ልጆች ይሄን እንደ ምርመራ ነው የሚወዱት። የባንክ ስቴትመንት ማንበብ ማለትም ይኸው ነው። በኋላ ከባንክ ያወጣሁትን ባለ ብዙ ገጽ ስቴትመንት ሳሳያት ትልቋ ምንም አልከበዳትም፤ ዴቢት የሚለው የወጣ፣ ክሬዲት የሚለው የገባ መሆኑን ብቻ ነው የነገርኳት።

የቀኑ ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም፤ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት። መልእክቱ ላይ 12/05/2025 ይላል። ልጅ ወር ቁጥር 5 ሲባል የሚያስበው ጥርን ነው። ስለዚህ ጥር 12 ብሎ ያነባል። ቀኑ ግን ግንቦት 4 ቀን 2017 ነው። ሰዓቱም እንደዚያው፤ 14:30 ሲል ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። የእድር ደብተርና የትምህርት ቤት ደረሰኝ በኛ አቆጣጠር፣ የስልክ መልእክት በፈረንጅ። ሁለቱን ማገናኘት ያልቻለ ልጅ የከፈልነውንና ያልከፈልነውን ወር ሊለይ አይችልም። እኛ ሁለቱንም ቀን የያዘ የግድግዳ ካላንደር አጠገባችን አድርገን ነው የምንሠራው።

የማጭበርበሩን ነገርም አልደበቅንም። ሰፈራችን ያለ ባለሱቅ "ልኬልሃለሁ" ተብሎ ስክሪንሾት ታይቶ እቃ ሰጥቶ ተሸውዷል። ልጆቹ ታሪኩን ያውቁት ነበር፤ ለምን እንደተሸወደ ግን አያውቁም። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የሰው ቁጥር "ገንዘብ ገብቶልዎታል" የሚል መልእክት ከመጣ ገንዘብ አልገባም። የሌላ ሰው ስልክ ላይ ያለ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው የራሳችን ቀሪ ሂሳብ መጨመሩ ነው። ትልቋ ይሄን ለአያቷ አስረድታቸዋለች፤ እማማ አሁን ማንም ደውሎ "በስህተት ልኬብዎት ነው፣ ይመልሱልኝ" ቢላቸው "ልጄ ትምጣና ታየዋለች" ነው የሚሉት። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ለልጆቹ አንነግራቸውም። ማንበብ የእነሱ፣ ማዘዝ የኛ።

ወደ መብራት ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የወደዱት እሱን ነው። ዛሬ ብዙ ቤት የመብራት ክፍያን በስልክ ነው የሚከፍለው። ቁጥር አስገብተህ የምታየው የብር መጠን ብቻ ሲሆን ልጅ ከዚያ ምንም አይማርም። ስለዚህ የተጀመረው ከቆጣሪው ነው። የኛ የድሮው ዓይነት፣ ውስጡ የሚዞር ቆጣሪ ነው። ትንሹ በርጩማ ላይ ቆሞ በስልክ መብራት እያበራ ያነባል። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሙሉ ኪሎዋት ሰዓት ናቸው (አንዱ 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው ነው)፤ መጨረሻ ያለችው ቀይ አንድ አስረኛ ናት። ያለፈውን ወር ንባብ ከዛሬው ንባብ ሲቀንስ የወሩ ፍጆታ ይወጣል። ቢሉ ላይ ያለውም ይኸው ነው፤ የቀድሞ ንባብ፣ የአሁን ንባብ፣ ልዩነት።

አንድ ቅዳሜ እንጀራ ከመጋገሬ በፊት አንብቦ ጻፈ። አክንባሎው ወርዶ፣ ምጣዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ደግሞ አነበበ። ልዩነቱ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሆነ። ዓይኑ ፈጠጠ። ምክንያቱም በዚህ ቤት ሁልጊዜ የሚጮህበት አምፖል ሳያጠፋ በመውጣቱ ነው። የሳሎናችን አምፖል 10 ዋት ናት። አብረን አሰላነው። 5 ኪሎዋት ሰዓት ያቺን አምፖል 500 ሰዓት ያበራል። በየምሽቱ 5 ሰዓት ብናበራት 100 ምሽት ማለት ነው። አምፖል ማጥፋት ጥሩ ነው፣ አሁንም እንዲያጠፋ እፈልጋለሁ። ግን ቢሉን የሚያሳብጠው ምጣድ፣ ምድጃና ቦይለር መሆኑን ልጁ ከቆጣሪው አንብቦ አወቀ። እኛም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከማሞቅ በአንዴ ሰብሰብ አድርገን እንጋግራለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ወርን ከወር ስታነጻጽሩ ልጆቹ ብሩን ሳይሆን ኪሎዋቱን ያነጻጽሩ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ዝቅተኛው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ነው፣ ፍጆታው ከፍ ሲል የአንዱ ዋጋም ከፍ ይላል። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ ራሱ በየጊዜው በደረጃ እየጨመረ ነው። ብር ብቻ ካዩ "ባለፈው ወር ብዙ ተጠቀምን" ብለው ይደመድማሉ። ኪሎዋቱ ተመሳሳይ ሆኖ ብሩ ከጨመረ የጨመረው ዋጋው ነው። ይሄን መለየት ለአዋቂም ይጠቅማል።

ውሃው አጭር ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 50 ጊዜ። ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ ልጅ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ይሄን ማየት የትንሹ ሥራ ነው።

የሱቅ ደረሰኝ ላይ ስንደርስ የተነሳው ጥያቄ የሒሳብ ብቻ አልነበረም። ገበያ አብረውኝ ሲወጡ ሻጩ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ሲለኝ ይሰማሉ። ያለ ደረሰኝ ሲሆን ይረክሳል። ትልቋ "ታዲያ ለምን በደረሰኝ ትገዢያለሽ?" አለችኝ። የማምነውን ነገርኳት። ያ 15 በመቶ የሻጩ ገንዘብ አይደለም፤ ከኛ ተቀብሎ ለመንግሥት የሚያስገባው ነው። ደግሞ ያለ ደረሰኝ የገዛነው ማደባለቂያ ቢበላሽ ወደ ሱቁ ይዘን የምንሄደው ነገር የለም።

ደረሰኙን ሲያነቡ የሚፈልጉት የነጋዴውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀኑን፣ የእቃውን ዋጋ፣ ቫቱንና ጠቅላላውን ነው። ካፌ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ ደረሰኝ አለመሆኑን፣ የማሽኑ ደረሰኝ ሌላ መሆኑንም ያውቃሉ። ሒሳቡ ላይ ልጆች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ጠቅላላው 460 ከሆነ ቫቱ ስንት ነው ሲባሉ የ460ን 15 በመቶ ይወስዱና 69 ይላሉ። ቫቱ የተጨመረው ግን በ400 ላይ ነው፤ ስለዚህ 60 ነው። 460ን ለ1.15 ሲያካፍሉ 400 ይመጣል። የትምህርት ቤታቸው ደረሰኝ ላይ ቫት የሚል መስመር ለምን እንደሌለ የጠየቀው ትንሹ ነው። ትምህርት ከቫት ነፃ ስለሆነ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነበር።

የደመወዝ ወረቀት ላይ ባለቤቴ ትንሽ አመነታ። በአገራችን ደመወዝ ለልጅ አይነገርም፤ "ውጭ ያወሩታል" እንላለን። እኔ ደግሞ ልጅ የወላጁን ገቢ ካላወቀ የሚጠይቀውንም አይመጥንም ባይ ነኝ። ተነጋግረን አንድ ነገር ተስማማን። መጀመሪያ በምሳሌ ቁጥር እንሠራለን፣ ከዚያ የራሳችንን እናሳያለን። ለልጆቹም በግልጽ ነገርናቸው፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የታየ የቤት ገበና ነው፣ ከበር አይወጣም። እስካሁን አልወጣም።

ምሳሌው ጠቅላላ ደመወዝ 10,000 ብር ነበር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ ነው። ትልቋ ቶሎ ብላ "25 በመቶ፣ ስለዚህ 2,500" አለች። እርከን በእርከን እንድትሄድ ነገርናት። ከሁለተኛው 2,000 ላይ 300፣ ከሚቀጥለው 3,000 ላይ 600፣ ከመጨረሻው 3,000 ላይ 750። ድምሩ 1,650። ከፍ ያለው መቶኛ የሚነካው ከእርከኑ በላይ ያለውን ገንዘብ ብቻ ነው። "ደመወዝ ጨምረውልኝ ግብር በላው፣ ከድሮው ያነሰ እጄ ገባ" የሚሉ አዋቂዎች አሉ፤ እርከን በማለፍ ብቻ እጅ የሚገባው አይቀንስም። የ13 ዓመት ልጄ ይሄን አሁን በወረቀት ታሳያችኋለች።

ከዚያ ጡረታው አለ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ 700 ብር። ተከፋዩ 7,650 ይሆናል። አሠሪው ደግሞ በራሱ በኩል 11 በመቶ፣ 1,100 ብር ይጨምራል። ትንሹ "ጡረታ ማለት እንደ እማማ ማለት ነው?" አለ። አዎ፣ በየወሩ ባንክ የሚገባላቸው ብር ከዚህ ዓይነቱ ተቀናሽ ነው የሚመጣው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ "ተቀናሽ" የሚለው ቃል "የተወሰደብን" መስሎ አልታያቸውም።

ከምሳሌው ቀጥሎ የራሳችንን የደመወዝ ወረቀት ስናሳያቸው ከሥሩ ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን፣ መብራቱን፣ ውሃውን፣ እድሩን ጻፍን። ትንሹ "ገንዘብ አለቀብን እንዴ?" አለ፣ ፊቱ ተለወጠ። ይሄን ለሚሞክሩ ወላጆች አደራ የምለው ነገር አለ። ለልጅ እዳ ወይም ቢል ብቻውን አታሳዩት። አጠገቡ ከየት እንደሚከፈል አብራችሁ አሳዩ። አሁን ትልልቅ ቢሎች ላይ ልጆቹ ራሳቸው በእርሳስ "ከአባዬ ደመወዝ"፣ "ከእማዬ እቁብ" ብለው ይጽፋሉ። በወር ውስጥ የጠበበን ጊዜም ሲኖር እንነግራቸዋለን፤ ከኛ ፊት ላይ ከሚገምቱ ከወረቀቱ ቢያነቡ ይሻላል።

የእማማ የእድር ደብተር ደግሞ የራሱ ክብር አለው። ወር፣ መዋጮ፣ ቅጣት ካለ ቅጣት፣ የገንዘብ ያዥ ፊርማ። እማማ ራሳቸው መጥተው ነው ያስረዷቸው። ቅጣት ለምን እንዳለ፣ አንድ ሰው ሲሞት ድንኳኑና ወንበሩ ከየት እንደሚመጣ። ከሁሉ በላይ "ሳይፈረምልሽ አትሂጂ" አሏት። ትልቋ ይህቺን ይዛ ነው የትምህርት ቤቷን ደረሰኞች ያገላበጠችው። የታኅሣሥ ክፍያ ደረሰኝ ላይ ኅዳር ተብሎ ተጽፏል። ኅዳር ሁለት ጊዜ ተከፍሏል፣ ታኅሣሥ የለም። የባንክ መልእክቱን ከደረሰኙ ጋር አያይዛ ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ሄደች። "ይቅርታ፣ ወሩ ተሳስቶ ነው፣ አስተካክሉልኝ" ብላ አስተካክለው ሰጧት። እኔ አብሬያት አልሄድኩም። መሄድም አላስፈለገኝም።

ዕድሜን በተመለከተ፣ 9 ዓመት ለቆጣሪ፣ ለጄሪካንና ለሱቅ ደረሰኝ በቂ ነው። ግብሩንና ስቴትመንቱን ትንሹ ይሰማል እንጂ አይሠራም፤ አናስገድደውም። ሲሰለቸው ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ትልቋም ትሰለቻለች። በአንድ ቅዳሜ አንድ ወይም ሁለት ወረቀት ይበቃል።

በቅርቡ የያዝነው የኪራይ ውላችንን ነው። ውል ረጅም ነው፣ ቋንቋውም ከባድ ነው፤ ግን ከቤቱ ወጪ ትልቁ እሱ ስለሆነ መዝለል አልፈለግንም። በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ልጆቹ እነዚህን ከውላችን ውስጥ እየፈለጉ በማርከር አሰመሩ። የሚያበቃበትን ቀን ካላንደሩ ላይ ጻፉ።

ትልቋ ቅድሚያ ክፍያው ላይ ቆመች። "የሁለት ወር ከፍላችኋል ይላል። የትኞቹን ሁለት ወር? የመጀመሪያዎቹን ነው የመጨረሻዎቹን?" ውሉ አይልም። ባለቤቴ ለአከራያችን ደወለላቸው። "ልጅቷ ናት የጠየቀችው?" አሉና "ልክ ናት፣ በቃል እናውቀዋለን እንጂ አልጻፍነውም" አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መሆናቸውን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተን በሁለታችንም በኩል ተፈረመ፣ ከውሉ ጋር ተያያዘ። ቀጥሎ የባለቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር ደብተር አለ። ወለድ ስላለበት እሱ ብዙ ቅዳሜ ይፈልጋል።